የሰባተኛ ክፍል የቃላት ደቦ

ጎጆ ከተማ ውስጥ «ላይትሀውስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከእኔ አሳምሮ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ትርጉሙንም እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ፤ በባሕር ዳርቻ የሚቆም፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ማለት ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም። መርከብም አላየሁም። የኤሌክትሪክ መብራት እንኳ ያየሁት አባቴ በግ ሊሸጥ አምቦ ሲወርድ ተከትዬው ሄጄ ነው። ቢሆንም ቃሉን ጠርቼ ትርጉሙን ሳንበለብለው ክፍሉ በሙሉ ያጨበጭብልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጭብጨባ እወዳለሁ፤ ዛሬም አልተውኩትም።

ጊዜው የሰባዎቹ አጋማሽ ነው። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ያውም ደጋሚ። ደጋሚ መሆን ምን እንደሚመስል ያልቀመሰው አያውቀውም። አምና አብረውኝ የነበሩት ስምንተኛ ክፍል ገብተው በመስኮት እያዩኝ ያልፋሉ፤ አምና ከቁብ ያልቆጠርኳቸው ትናንሽ ልጆች ደግሞ አጠገቤ ተቀምጠው «አንቺ እኮ ተምረሽዋል፣ ንገሪን» ይሉኛል። ደሜ ይፈላ ነበር።

የሚያናድደው ደግሞ ሰነፍ አልነበርኩም። እስከ ስድስተኛ ክፍል አንደኛ ነው የምወጣው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ ትምህርት ቤት ስገባ አማርኛ ተቀበለኝ፣ እሱንም ቶሎ ለመድኩት። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ግን ጉድ ፈላ። ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ጂኦግራፊውም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነ። አስተማሪዎቹ ሲያስረዱ አማርኛ ጣል ያደርጉልናል፤ መጽሐፉና የፈተናው ወረቀት ግን አማርኛ የሚባል አያውቁም። በዓመቱ መጨረሻ ካርዴን ስቀበል ከግማሽ የሚበልጠው ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎ አገኘሁት።

ደንቡ ግልጽ ነበር፤ አንድ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል። አባቴም አቋሙን ነግሮኛል። በቁጣ አልነበረም፣ ቁጡ ሰው አይደለም። «ከተባረርሽ ከእኔ ጋር በግ ትነግጃለሽ» አለኝ፣ አለቀ። በግ መነገድ ነውር የለውም፤ ያሳደገን እሱ ነው። እኔ ግን በግ አልወድም። ሽታውን አልወድም፣ ግትርነቱን አልወድም፣ በብርድ ገበያ መሀል ቆሞ ላቱን እያስዳሰሱ መዋሉን አልወድም። ስለዚህ ያ ዓመት ለእኔ የመጨረሻ ዕድል ነበር፣ እንደ ጨዋታ የምይዘው ነገር አልነበረም።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው። የጎጆ ብርድ አልተስማማውም፤ ኮት በኮት ላይ ደርቦ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ነበር የሚያስተምረው። ሥራውን ግን ይወዳል። የመማሪያ መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ብቻ ስለነበር ከአምና ጀምሮ በራሱ ተነሳሽነት ተጨማሪ የቃላት ወረቀት ያዘጋጅልናል። በዳይሬክተሩ የጽሕፈት መኪና ስቴንስል የሚባለውን የሰም ወረቀት ይመታል፣ ከዚያ በእጅ በምትሽከረከረው ማባዣ ያባዛዋል፤ ሰኞ ሰኞ እጁ በቀለም ጠቁሮ ይመጣና ያድለናል። ወረቀቱ የመሠረተ ትምህርት ነበር። ትምህርት ቤታችን ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ማንበቢያ ጣቢያ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ለዘመቻው ከሚመጣው ወረቀት ዳይሬክተሩ ትንሽ ይቆነጥርለታል። አባቴም ከእነዚያ ጎልማሶች አንዱ ነው፤ ጠዋት እኔ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ ከሰዓት እሱ ይቀመጣል።

ቃላቱ ግን! አስተማሪያችን እሱ ራሱ ልጅ ሆኖ የተማረበት የድሮ የውጭ አገር ማንበቢያ ነበረው፤ ቃላቱን የሚለቅመው ከዚያ ነው። ላይትሀውስ፣ የጭስ ማውጫ ጠራጊ፣ የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ፣ የጌታ ቤት አሳላፊ፣ ሻይ ላይ የሚቀርብ ኬክ። በየቃሉ ጎን ሥዕል ይስልበታል። አርብ አርብ ደግሞ ተነስተን በቃላችን እንወጣቸዋለን፣ ሳይደናቀፍ የጨረሰ ይጨበጨብለታል። ከዚያ ጭብጨባ አብዛኛው የእኔ ነበር።

አንድ ቀን የሳይንስ መጽሐፉን ገልጬ ተቀመጥኩ። የምዕራፉ መልመጃ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። በጥያቄው ውስጥ ያለውን ትልቁን የሳይንስ ቃል አውቀዋለሁ፤ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ አስምሮበት፣ አማርኛውን ነግሮናል። የጥያቄው መጀመሪያ ላይ ያለችው ቃል ግን ምን አድርጊ እንደምትለኝ አላውቅም። ግለጪ ነው የምትለኝ? አወዳድሪ? ዘርዝሪ? የሰኞ ወረቀቶቼን በሙሉ አንድ በአንድ አገላበጥኩ። የለችም። የጭስ ማውጫ ጠራጊው አለ፣ እሷ የለችም። ያን ጊዜ አምና ለምን እንደወደቅሁ ገባኝ። ዘንድሮም በዚያው መንገድ እየሄድኩ እንደሆነ አወቅሁ።

ለአስተማሪው ልነግረው ፈልጌ ነበር። ግን ሰኞ ጠዋት ያን በቀለም የጠቆረ እጁን ሳይ አፌ ይያዛል።

በዚህ መሀል ከአምቦ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ተባለ። ወሬው ከዳይሬክተሩ ቢሮ ወጥቶ ሰፈር ለሰፈር ዞረ፤ የእኛ የቃላት ወረቀት በአውራጃው ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ከጌዶ እስከ ካቺሲ ሊሰራጭ ነው። ሱፐርቫይዘሩ የተማሪዎችን አስተያየት ሰምቶ ይወስናል። አስተማሪያችን ከደስታው ብዛት ሁለተኛውን ኮት አውልቆ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ አለማመደን። «አንቺ ላይትሀውስን ትያለሽ፤ ቀስ ብለሽ፣ ረጋ ብለሽ» አለኝ።

ሱፐርቫይዘሩ በላንድሮቨር መጣ፣ መንገዱ አንገላቶት። ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰማን። እኔም ተነስቼ ላይትሀውሴን አልኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ረጋ ብዬ። ተጨበጨበልኝ። ሱፐርቫይዘሩም አጨበጨበ። ከዚያ ወደ ፊት መጥቶ ቆመና፣ «እንግዲህ የተማሪዎችን አስተያየት ልስማ። ይህ ወረቀት ለትምህርታችሁ ጠቃሚ ነው የምትሉ?» አለ።

ያን ዘመን የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዴት እንደሚመለስ ያውቃል። በገበሬ ማኅበር ቢሉ፣ በቀበሌ ቢሉ፣ በወጣት ማኅበር ቢሉ ሥርዓቱ አንድ ነው። የሚደግፍ ሲባል እጅ ይወጣል፣ ሁሉም እጅ። «የሚቃወም» እና «ድምፅ የሚያቅብ» የሚባሉት ለወጉ ያህል ነው፤ ሰብሳቢው እነሱን ሲጠይቅ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነው። እኛም ልጆቹ ይህን ከወላጆቻችን ወርሰናል። ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። የእኔ እጅ አልወጣም። አስቤበት አልነበረም፤ እጄ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

«የሚቃወም?» አለ ሱፐርቫይዘሩ፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ እያለ።

እጄን አወጣሁ።

የወንበር ጓደኛዬ ቀሚሴን ከታች ሳብ አደረገችኝ። ጎጆ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከደቡብ የመጡ የእስላም ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጨዋና ጥንቁቅ ልጅ ነበረች። «አብደሻል?» አለችኝ በሹክሹክታ። አብሮ የገባው ዳይሬክተር ጉሮሮውን ጠረገ። አስተማሪዬን አላየሁትም፣ እንዳላየውም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ አሁን እንደዚያ አሳምረሽ ያልሽው?» አለኝ ሱፐርቫይዘሩ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሱፐርቫይዘር» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ለዚህ ነገር እግዜር ጉሮሮ ሰጥቶኛል። «ላይትሀውስን አውቀዋለሁ። ግን ጂኦግራፊ መጽሐፌ ውስጥ የለም። ሳይንስ ውስጥም የለም። ሒሳብ ውስጥማ ጭራሽ። እነሱ ውስጥ ያሉት ቃላት ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሉም። አምና ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ ወድቄያለሁ። ዘንድሮ ከወደቅሁ እባረራለሁ።»

ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን ትቶ ያየን ጀመር። «ሌላስ አስተያየት ያለው? ሳትፈሩ ተናገሩ» አለ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ተነሳና ወረቀቱ ጥሩ እንደሆነ፣ ለደብተር መሸፈኛ ከጋዜጣ እንደሚበልጥ ተናገረ። ሳቅ ሆነ። ሳቁ ለካ አፍ መክፈቻ ነው። አንዷ ኬኩን ብዙ ጊዜ እንዳሰበችው፣ ድፎ ዳቦ ይሁን ብስኩት ግን እስካሁን እንዳልገባት ተናገረች። ሌላው ሥዕሉን ብቻ እንደሚያይ አመነ። አንድ ጌዶ ተወልዶ እኛ ዘንድ የመጣ ልጅ ደግሞ ቃላቱ እንደሚጠቅሙት፣ ወንድሙ ዘንድ አምቦ ሲወርድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹን እንደሚያስደነግጥባቸው በኩራት አስረዳ።

መጨረሻ ላይ የወንበር ጓደኛዬ ተነሳች። «እኔ እወዳቸዋለሁ» አለች። «እሷ ያለችው እውነት ነው፣ ለፈተና አይጠቅሙም። ግን ስለ ሌላ አገር የሚያወራን ሌላ ሰው የለም። ከሰኞ እስከ ሰኞ አስባቸዋለሁ።» ተቀመጠችና ፊቷን ከእኔ አዞረች። ያን ቀን ከተነገረው ሁሉ ልቤን የነካው የእሷ ነው፤ ግን አስተያየቴን አላስቀየረኝም።

አሁን የሚመጣውን አልጠበቅሁም። እኔ የፈለግሁት ሌላ ቃል፣ የተሻለ ወረቀት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ግን ደጋፊና ተቃዋሚ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው፤ ከሁለቱ መሀል ሦስተኛ ነገር አይታየውም። ያውም የወረቀት እጥረት ነበር። «ተማሪዎቹ ራሳቸው በፈተና አልጠቀመንም ካሉ፣ ወረቀቱ ለመጣበት ለመሠረተ ትምህርት ይዋል» አለና ወጣ። በሚቀጥለው ሰኞ ወረቀት የለም። ከዚያም በኋላ የለም። አርብም ጭብጨባ ቀረ።

ክፍሉ በሙሉ ዞረብኝ። ያ ስለ ደብተር መሸፈኛ የተናገረው ልጅ ሳይቀር «አንቺ ነሽ ያስቀረሽብን» አሉኝ። የወንበር ጓደኛዬ አኮረፈችኝ። አስተማሪዬ ሁለተኛውን ኮት መልሶ ለበሰ፤ ሲጠይቅ ከእኔ ፊት ያለውን፣ ከእኔ ኋላ ያለውን ይጠይቃል፣ እኔን ይዘለኛል። በዚህ ሁሉ መሀል የተጠቀመ አባቴ ብቻ ነው። ወረቀቱ በዛና በኦሮምኛ የተዘጋጀ ማንበቢያ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ፣ ለየሰው ታደለ። ምሽት ላይ በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ አየዋለሁ። የእሱ ደስታ አልከፋኝም፤ ግን ፈተናዬ እየቀረበ ነው፣ እኔ ከበፊቱም የባሰ ባዶ እጄን ቀረሁ። በተናገርኩት አልተጸጸትኩም። በውጤቱ ግን በጣም ተናደድኩ።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ ለድንች ቆፈራ ወጣ። ከከተማው በላይ ለሚኖሩ አቅመ ደካማ ባልና ሚስት ድንቻቸውን ሳይበሰብስ ለማውጣት ደቦ ተጠራ፤ ሰፈሩም ወጣ፣ እኛም ወጣን፣ አስተማሪዎቹም ዶማ ተሰጣቸው። በደቦ ማንም መሬቱን ሁሉ ልቆፍር አይልም። አንዱ ትልም ለአንድ ሰው ይደርሳል፣ እሱን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል። ፀሐይዋ ሳትከርር ያ የሚያስፈራ ማሳ ተገልብጦ፣ ድንቹ ተከምሮ ታገኘዋለህ። ወገቤን ይዤ ቀና ስል ማሳውን አየሁት፤ ሐሳቡ ያኔ መጣልኝ።

አስተማሪዬ ከእኔ በሦስተኛው ትልም ላይ ነው፤ ዶማ አያያዙ ያሳዝናል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ቲቸር» አልኩት።

«ምን ፈለግሽ?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ወረቀቱ እንዲቀር አልነበረም የፈለግሁት።»

«ቀርቷል እኮ።»

«ቃላቱን እኛ እናምጣቸው። በደቦ። አንዱ አግዳሚ ጂኦግራፊን ይያዝ፣ አንዱ ሳይንስን፣ አንዱ ሒሳብን። እያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ፣ እንደዚህ እንደ ትልሙ። ሲያነብ ያቆመውን ቃል ብቻ ያምጣ። እርስዎ ደግሞ ትርጉሙን ይንገሩን።»

ዶማውን ተደግፎ ቆመ። «ለተማሪ ቃል የሚመርጠው አስተማሪ ነው» አለኝ።

«እኛን የት ላይ እንዳቆመን እርስዎ እንዴት ያውቁታል? እርስዎ እንደሆነ ሲያነቡ አይቆሙ።»

አነጋገሬ ለአስተማሪ የሚገባ አልነበረም፣ አውቃለሁ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ያንበረክከኝ ነበር። እሱ ግን ጭቃውን ከጫማው ጠረገ። «በምን ላይ ይጻፋል? ወረቀት እንደሆነ የለንም» አለኝ በመጨረሻ። እንደዚህ ሲል እሺ እንዳለኝ ገባኝ።

ሰሌዳውን ራሳችን ሠራነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየቤቱ ለቀምን፣ ውስጡን ጥቁሩን ፈጨን፣ በቅጠል ጭማቂ አሽተን የክፍሉን የኋላ ጭቃ ግድግዳ ቀባነው። ሁለት ሳምንት ያህል እጃችን ከአስተማሪያችን እጅ ባሰ። ያኮረፉኝ ሁሉ ቀስ በቀስ መጡ፤ ግማሹ ነገሩን ስላመነበት፣ ግማሹ ማቡካቱ ስለጣመው ነው። የወንበር ጓደኛዬ የመጣችው ከቅድመ ሁኔታ ጋር ነው። አርብ አርብ ከድሮው ማንበቢያ አንድ ቃል፣ አንድ ብቻ፣ ከነታሪኩ ይነገረን አለች። አስተማሪያችን ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። እኔም ተስማማሁ፤ ከልቤ ነው የተስማማሁት።

ከዚያ ቃላቱ መምጣት ጀመሩ፤ ሁላችንንም ያስገረመን ነገር ያን ጊዜ ታየ። የሚያቆሙን ረጃጅሞቹ፣ የሚያስፈሩት የሳይንስ ቃላት ናቸው ብለን ነበር። አይደሉም። እነሱን አስተማሪ ሁሉ ያስረዳል። የጂኦግራፊው አግዳሚ፣ የሳይንሱ አግዳሚ፣ የሒሳቡም አግዳሚ ሳይነጋገሩ ያመጧቸው ትናንሾቹን ነው። «ዲስክራይብ»፣ «ኮምፔር»፣ «ኤክሴፕት»፣ «ዜርፎር»፤ ግለጽ፣ አወዳድር፣ በቀር፣ ስለዚህ እንደማለት። ማንም አስተማሪ አስምሮባቸው አያውቅም፤ እያንዳንዱ፣ ያኛው አስተማሪ ነግሯቸዋል ብሎ ያልፋቸዋል። የእኛው አስተማሪ ግድግዳው ፊት ቆሞ ሲያያቸው ቆየና፣ «እነዚህን ሳታውቁ ነው እንዴ ዓመቱን ሙሉ የምትፈተኑት?» አለ። ጠመኔውን አንስቶ ለየአንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመረ፤ መርከብ የሌለበት፣ የበግና የገብስ ዓረፍተ ነገር። «ሁሉም በጎች ተሸጡ፣ ከጥቁሩ በቀር።» እንዲህ ነው ያቺ የፈተና ወጥመድ የነበረች «ኤክሴፕት» የገባችኝ። አማርኛው ላልገባቸው ደግሞ እኛው በኦሮምኛ እንጨምርበታለን፤ እሱ ኦሮምኛ አይችልም፣ ግን ዝም ብሎ ያዳምጠናል።

የተማሪ አስተያየት እንደገና ቢጠየቅ ኖሮ አሁንም ሁሉም በአንድ ድምፅ አይደግፍም ነበር። የጌዶው ልጅ በእነዚህ ቃላት አምቦ ውስጥ ማንንም ማስደንገጥ እንዳልቻለ እያዘነ ይናገር ነበር። ከኋላ ያለው የደብተሩ መሸፈኛ ቀረበት። እኔ ግን መጽሐፌን ስገልጥ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሳልደናቀፍ እሄድ ጀመር፤ ከዚያ ወዲያ የማንም አስተያየት ግድ አልሰጠኝም።

ፈተናው ደረሰ። ሳይንሱ አለፈ፣ ሒሳቡ አለፈ። የጂኦግራፊው ቀን ፈታኝ ሆኖ የገባው እሱ ራሱ አስተማሪያችን ነው። ወረቀቱን ገልብጬ ማብራሪያ የሚጠይቀውን ክፍል አነበብኩ፤ ትልቁን ማርክ የያዘ ነው። የሁለት ወንዞችን ፍሰት አወዳድሪ፣ ለምን እንደሚለያዩም ግለጪ ይላል። እያንዳንዷ ቃል ቁልጭ ብላ ታየችኝ። ምን አድርጊ እንደተባልኩ፣ ስንት ነገር እንደተጠየቅሁ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ሁሉ ገባኝ። መልሱን ግን አላውቀውም። ያንን ምዕራፍ አይመጣም ብዬ ዘልዬው ነበር።

ሳቅ መጣብኝ። ልይዘው ብሞክር አልቻልኩም። አስተማሪዬ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ምንድን ነው የሚያስቅሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ጥያቄው ገባኝ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን አትጽፊም?»

«መልሱን አላውቀውማ።»

ትንሽ አየኝ። ከንፈሩ ጥግ ላይ የፈገግታ ነገር አለ፣ ግን ፈታኝ ነውና ዋጠው፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔም የማውቀውን ለመጻፍ ወደ ሌሎቹ ጥያቄዎች አለፍኩ።

ካርድ የሚታደልበት ቀን አባቴ አብሮኝ መጣ። ካርዱን ከእጄ ተቀብሎ፣ ማንም እንዲያነብለት ሳይፈቅድ፣ ጣቱን ከላይ አስጀምሮ ወደ ታች ወረደ። ግርጌው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀማቸውና ጮክ ብሎ አነበበው፣ «ተ-ዛ-ው-ራ-ለ-ች»። ስምንተኛ ክፍል ገባሁ ማለት ነው። ልቤ ሊፈነዳ ነበር። እሱ ግን አላበቃም። ጣቱ ወደ ላይ ተመለሰና በቀይ የተጻፈችው አንዲት ቁጥር ላይ፣ ጂኦግራፊ ላይ አረፈ።

«ኩን ማሊ?» አለኝ። ይህቺስ ምንድን ናት ማለቱ ነው።

«አምና የወደቅሁት ሁሉ ጥያቄው ሳይገባኝ ነው፣ አባባ» አልኩት። «ይቺን ግን ገብቶኝ፣ ሳላጠና ነው ያመጣኋት። ይቺ የራሴ ናት።»

አባቴ ቀይዋን ቁጥር እንደገና አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ካርዱን በጥንቃቄ አጥፎ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተውና፣ «እንግዲያው የራስሽ ከሆነች አጥኚያታ!» አለኝ።